ድንጋዩ ድሬ፣ ገበያው የት? ስለ ኖራ የዓለም ፍላጎት

ድሬዳዋ ውስጥ ማንቆርቆሪያ ያለው ሰው ሁሉ ቤቱ የኖራ ድንጋይ አለው። ውሃ ሲፈላበት ከርሞ ከሥሩ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ካልስየም ካርቦኔት ይባላል። ከከተማው ዙሪያ ካለው የኖራ ድንጋይ ጋር ዘሩ አንድ ነው። የዝናብ ውሃ በድንጋዩ ውስጥ ሲሰርግ ትንሽ ትንሽ ያሟሟዋል። ያ ውሃ ከጉድጓድ ይሳባል፣ በቧንቧ ቤት ይገባል፣ እኛ ስናፈላው ደግሞ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል።

ድሬዳዋ አጠገብ ያለው ፖርክ ኤፒክ ዋሻም የተፈለፈለው በኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው። የአገራችን የመጀመሪያው ሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን ድሬዳዋ ላይ የተተከለውም አለምክንያት አልነበረም። ድንጋዩ ነበር፣ ባቡሩም ነበር።

ስለዚህ በርጫ ላይ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ መነሳቱ አይገርምም። «ድንጋዩ ደጃችን፣ ባቡሩ ደጃችን፣ ወደቡ ቅርብ። ዓለም በመቶ ሚሊዮኖች ቶን የሚቆጠር ኖራ ይገዛል። እኛ አቃጥለን የማንሸጠው ለምንድን ነው?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ለመመለስ ግን ኖራ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚፈልገውና ዋጋው በምን እንደሚወሰን ማየት ያስፈልጋል። የኖራ ገበያ ከውጭ ሲያዩት እንደሌላው ሸቀጥ ይመስላል እንጂ ጠባዩ ለየት ያለ ነው።

ኖራ ስንል የትኛውን ነው?

በአንድ ስም የምንጠራቸው ሦስት ነገሮች አሉ። ገዥም ሻጭም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ያልተቃጠለው የኖራ ድንጋይ ነው። ከተራራ ተቆርጦ ይፈጫል። አሲዳማ አፈር ላይ እንዲበተን ለገበሬ የሚታደለው «የእርሻ ኖራ» በአብዛኛው ይሄ ነው። እሳት አላየም።

ሁለተኛው ድንጋዩ በከፍተኛ ሙቀት ተቃጥሎ የሚወጣው ነው። በኬሚስትሪ ስሙ ካልስየም ኦክሳይድ ነው። ውሃ ገና አልነካውም። እንዳይምታታ እዚህ «ያልጠፋ ኖራ» እንበለው። የዓለም ኢንዱስትሪ በብዛት የሚፈልገው ይሄን ነው።

ሦስተኛው ያልጠፋው ኖራ ውሃ ጠጥቶ የሚሆነው ዱቄት ነው። የጠፋ ኖራ ይባላል። ግድግዳ የሚቀባው፣ ሐረር ጁገል ውስጥ የቆዩትን ቤቶች ነጭ የሚያደርገው ይሄኛው ነው።

ጄሶ ከነዚህ ከአንዱም አይደለም። እሱ ሌላ ማዕድን ነው፣ የሚቃጠለውም በጣም ባነሰ ሙቀት ነው። ነጭ ዱቄት ሁሉ ኖራ አይደለም።

ድንጋዩ እቶን ውስጥ ምን ይሆናል?

የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይፈርሳል። ግማሽ ሊሆን ትንሽ የቀረው ክብደቱ ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። 100 ኪሎ ንጹሕ ድንጋይ ብታስገቡ 56 ኪሎ ኖራ ታወጣላችሁ። ቀሪው 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ይህን ቁጥር ያዙት። ኋላ ላይ የገበያው ትልቁ ራስ ምታት ሆኖ ይመጣል።

በደንብ የተቃጠለ ኖራ መልኩ ከድንጋዩ ብዙም አይለይም። ስታነሱት ግን ቀላል ነው። ውስጡ በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። በደንብ ያልተቃጠለው ሲሰበር መሀሉ ላይ ጥሬ እምብርት ይገኝበታል። በእጅ ሲመዘንም ይከብዳል። ልምድ ያለው ሠራተኛ ላቦራቶሪ ሳይሄድ በመዳፉ ይለየዋል።

ውሃ ሲያገኝስ? ጭብጥ የሚያህል ያልጠፋ ኖራ ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ ሲደረግ መጀመሪያ ምንም የሚሆን አይመስልም። ውሃውን ዝም ብሎ ይጠጣል። ከዚያ ጧ ብሎ ይሰነጠቃል። እንፋሎት ይወጣል፣ እስስስ ይላል፣ ያብጣል፣ ይፈረካከሳል። በደቂቃዎች ውስጥ ድንጋዩ የለም፣ የቀረው ለስላሳ ነጭ ዱቄት ነው። እሳት ሳይነድ ነው ይሄ ሁሉ። አንድ ኪሎ ያልጠፋ ኖራ ሲጠፋ የሚለቀው ሙቀት ምንም ባይባክን 3 ሊትር ውሃ ያፈላል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ይሄ ነገር ዓይን ያጠፋል። በርሜል ውስጥ ኖራ አድርጎ ላዩ ላይ ውሃ መገልበጥ እብደት ነው፤ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። ሰፊ ዕቃ ውስጥ ብዙ ውሃ አድርጎ ኖራውን ቀስ በቀስ መጨመር ነው የሚሻለው፣ መነጽርና ጓንት ተደርጎ። ደረቁ ዱቄት ቆዳ ላይ ካረፈ መጀመሪያ ይራገፋል፣ ከዚያ በብዙ ውሃ ይታጠባል። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው ያለማቋረጥ እያጠቡ ወደ ሐኪም ነው።

ይሄን ሁሉ ኖራ ማን ይጨርሰዋል?

ዓለም በዓመት ከ400 ሚሊዮን ቶን በላይ ኖራ ያመርታል። ከዚህ ውስጥ ወደ 310 ሚሊዮን ቶን የሚገመተው የቻይና ነው። አሜሪካና ህንድ እያንዳንዳቸው ከ16 ሚሊዮን ቶን ብዙም አይርቁም። «የዓለም የኖራ ገበያ» ሲባል ከአሥሩ ሰባት እጁ አንድ አገር ውስጥ ነው ማለት ነው።

ትልቁ ተጠቃሚ ብረት ነው። ለምን የሚለውን ትንሽ ላብራራው፣ ምክንያቱም የገበያው ቁልፍ እዚህ አለ።

ከማዕድን ቀልጦ የሚወጣ ብረት ንጹሕ አይደለም። ሲሊከን አለበት፣ ፎስፈረስ አለበት፣ ድኝ አለበት። እነዚህ ካልወጡ ብረቱ ተሰባሪ ይሆናል። ያልጠፋ ኖራ ወደ ቀለጠው ብረት ሲጣል ከነዚህ ቆሻሻዎች ጋር ይጣበቃል፤ ከብረቱ ስለሚቀል ይዟቸው ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ቅቤ ሲነጠር አረፋው ላይ ወጥቶ እንደሚገፈፍ ማለት ነው። የተገፈፈው ብረት ሠሪዎች ስላግ የሚሉት ነው።

ለ1 ቶን ብረት የሚያስፈልገው ኖራ እንደ እቶኑና እንደ ማዕድኑ ይለያያል፤ ከ30 እስከ 60 ኪሎ የተለመደ ነው። ትንሽ ይመስላል። ዓለም ግን በዓመት ወደ 1.9 ቢሊዮን ቶን ብረት ያመርታል። 40 ኪሎ ብቻ ብናሰላ 76 ሚሊዮን ቶን ኖራ ነው። የብረት ማዕድኑን ለማዘጋጀት የሚገባው ሌላ ነው።

ለኖራ ምትክ አለመኖሩም ነገሩን ያከረዋል። ይህን ሥራ በዚህ ዋጋ የሚሠራ ሌላ ነገር የለም። ብረት ፋብሪካው ኖራ ስለተወደደ ኖራ አይቀንስም። በጠቅላላ ወጪው ውስጥ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው፤ ከጠፋ ግን ሥራው ይቆማል። ስለዚህ የኖራ ፍላጎት በራሱ ዋጋ ብዙም አይናወጥም። የሚናወጠው ብረት ሲናወጥ ነው።

ከብረት ቀጥሎ ዝርዝሩ ረጅም ነው። ስኳር ፋብሪካ የሸንኮራውን ጭማቂ የሚያጠራው በኖራ ውሃ ነው። ቆዳ ፋብሪካ ፀጉሩን የሚያላቅቀው በኖራ ነው። ወረቀትና ሶዳ አሽ ፋብሪካዎችም ይፈልጉታል። መረሬ አፈር ላይ መንገድ የሚሠራ ኮንትራክተር አፈሩ በክረምት እንዳያብጥ፣ በበጋ እንዳይሰነጠቅ ኖራ ይቀላቅልበታል። የወርቅ ማዕድንም አለ። ለገደምቢን በመሰለ ወርቁ በሲያናይድ በሚለይበት ቦታ ድብልቁ አሲዳማ ከሆነ ሲያናይዱ ገዳይ ጋዝ ሆኖ ይተናል። እንዳይተን የሚይዘው ኖራ ነው።

ጠጣር ውሃ ለማለስለስም ያገለግላል። ማንቆርቆሪያችንን የሚደፍነውን ነገር ከውሃው ውስጥ የሚያወጣው ራሱ ኖራ ነው። የተጨመረው ኖራ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ካልስየም ቤት ሳይደርስ ማጣሪያው ላይ ድንጋይ ሆኖ እንዲቀመጥ ያደርገዋል። ብዙ ከተሞች ይሠሩበታል።

ታዲያ ብረት ሲቀዘቅዝ ኖራም ይቀዘቅዛል?

በአጭሩ አዎ። ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም።

ቻይና እ.ኤ.አ. በ2020 ከ1.06 ቢሊዮን ቶን በላይ ብረት አመረተች። ከዚያ በኋላ የቤት ግንባታው ገበያ ተንገዳገደ። በ2024 ምርቱ ወደ 1 ቢሊዮን ቶን ወርዷል። በነዚያ 60 ሚሊዮን ቶን ልዩነት ላይ 40 ኪሎ ብታስቡ 2.4 ሚሊዮን ቶን ኖራ ገዥ አጣ ማለት ነው። ሕንፃው ሲቆም ብረቱ ብቻ ሳይሆን የግድግዳው ብሎኬትም አብሮ ይቀንሳል። እዚያ ቀላል ብሎኬት የሚሠራው ኖራ ገብቶበት ነው።

ቻይና ውስጥ ሌላም ትልቅ ተጠቃሚ አለ። ብየዳ ቤት የምናውቀው ካርባይድ የሚሠራው ያልጠፋ ኖራና ከሰል በኤሌክትሪክ እቶን አብረው ሲቃጠሉ ነው። ሌላው ዓለም ፒቪሲ ፕላስቲክ የሚሠራው በዋናነት ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ቻይና ግን ከሰል ስላላት አብዛኛውን በካርባይድ መንገድ ታመርታለች። አንድ የውሃ ቱቦ ከጀርባው ብዙ ኖራ ሊኖረው ይችላል። ነዳጅ ሲረክስ የካርባይዱ መንገድ ይጎዳል፣ ነዳጅ ሲወደድ ያተርፋል። ኖራውም ተከትሎ ይሄዳል።

አሜሪካና አውሮፓ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። በከሰል የሚሠሩ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ጭሳቸው ውስጥ ያለውን ድኝ ለመያዝ ኖራ ወይም የኖራ ድንጋይ ይጠቀማሉ። የአየር ብክለት ሕግ ሲጠብቅ ይህ ፍላጎት አደገ። ማመንጫዎቹ መዘጋት ሲጀምሩ ተመልሶ ወረደ። ሕግ ገበያ ፈጠረ፣ ያው ዘመን ገበያውን እየወሰደው ነው።

በሌላ በኩል አዳዲስ ገዥዎች እየመጡ ነው። ለባትሪ የሚሆን ሊትየም ከጨው ውሃ ሲወጣ ማግኒዝየሙን ለማስወገድ ኖራ ይገባል። ኒኬል በአሲድ በሚለይበት እንደ ኢንዶኔዥያ ባለ ቦታ አሲዱን የሚያበርደው የኖራ ድንጋይና ኖራ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና በወሬው ንጹሕ ነው፤ ባትሪው ግን የመጣው በኖራ መንገድ ነው።

ብረትን በኤሌክትሪክ ማቅለጥ እየተስፋፋ መሄዱም ኖራን አያባርረውም። ቁርጥራጭ ብረት ሲቀልጥ ትንሽ ያነሰ ኖራ ሊበቃው ይችላል፣ ግን ይፈልጋል። ጥራቱ ዝቅ ካለ ማዕድን የተሠራ ብረት ከገባ ደግሞ ቆሻሻው ስለሚበዛ ኖራውም ይበዛል።

ለምን እንደ ቡና የዓለም ዋጋ የለውም?

የሐረር ቡና ነጋዴ ጠዋት ተነስቶ የኒውዮርክን ዋጋ ያያል። የኖራ ነጋዴ የሚያየው እንዲህ ያለ ቦታ የለውም። ኖራ በዓለም አቀፍ የሸቀጥ ገበያ አይሸጥም። ዋጋው በገዥና በሻጭ መካከል፣ ብዙ ጊዜ በዓመታት ውል የሚወሰን ነው።

ምክንያቱ መንገድ ነው። ኖራ ከባድና ርካሽ ነው። ከተወሰነ ርቀት በኋላ የትራንስፖርቱ ወጪ የኖራውን ዋጋ ይበላዋል። ቡና በኪሎ በሚያወጣው ዋጋ ባሕር ይሻገራል፤ ኖራ ይህ ጉልበት የለውም።

ሁለተኛው ምክንያት ይባስ ነው። ያልጠፋ ኖራ ይበላሻል። ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይመልሳል። ሳምንታት በተከፈተ ከረጢት ውስጥ የቆየ ኖራ ከፊሉ ወደ መጣበት ድንጋይነት እየተመለሰ ነው። ጭነቱ ላይ ዝናብ ከገባበት ደግሞ ያብጣል፣ ይግላል፣ ከረጢት ይቀድዳል፣ አጠገቡ ያለውን ነገር እስከ ማቃጠል ይደርሳል። እንዲህ ያለ ዕቃ ሸራ ተጥሎበት በአይሱዙ አገር ለአገር የሚዞር አይደለም።

ስለዚህ ኖራ ፋብሪካዎች ሁለት ቦታ ታገኟቸዋላችሁ። ወይ ድንጋዩ አጠገብ፣ ወይ ገዥው አጠገብ። ከስኳር ድንች ሳይሆን ከስኳር ቀይ ሥር ስኳር የሚያወጡ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ጭራሽ የራሳቸው የኖራ እቶን አላቸው። ኖራውንም ጋዙንም ስለሚፈልጉ ድንጋይ ገዝተው ግቢያቸው ውስጥ ያቃጥላሉ።

በዚህ ጠባዩ የተነሳ ገበያው ብዙ ትናንሽ ገበያዎች ተደርበው ነው። አንድ ፋብሪካ በዙሪያው ባለ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ውስጥ ንጉሥ ነው። ከዚያ ውጭ ማንም አያውቀውም። እንደ ቤልጂየሞቹ ሎይስትና ካርሜዩዝ፣ እንደ ካናዳው ግሬይሞንት ያሉ ትልልቅ ኩባንያዎች ያደጉት ኖራ ወደ ሩቅ በመላክ ሳይሆን በየአገሩ የድንጋይ ማውጫና እቶን በመግዛት ነው።

ዋጋውን የሚያንቀሳቅሰው ምንድን ነው?

እሳት። ድንጋዩ ርካሽ ነው፣ ነዳጁ አይደለም።

1 ቶን ኖራ ለማውጣት ተፈጥሮ ራሷ የምትጠይቀው ሙቀት 3.2 ጊጋ ጁል ያህል ነው። ከዚህ በታች መውረድ አይቻልም፣ የፈለገው ማሽን ይምጣ። ጎበዝ የሚባሉት ዘመናዊ ቀጥ ያሉ እቶኖች ወደ 4 ጊጋ ጁል ባለው ውስጥ ይሠራሉ። ይህ ጥሩ የድንጋይ ከሰል ከሆነ 160 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። እየተሽከረከሩ የሚያቃጥሉት ረጃጅም እቶኖች እስከ እጥፍ የሚደርስ ይፈልጋሉ። በእንጨት የሚሠራው ባህላዊ ምድጃ ደግሞ አብዛኛውን ሙቀት ለሰማይ ነው የሚሰጠው።

ስለዚህ የነዳጅ ዋጋ ሲነሳ ኖራ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዩክሬን ጦርነት ሳቢያ የአውሮፓ የጋዝ ዋጋ ሲተኮስ የኖራ ፋብሪካዎች በዋጋው ላይ ለነዳጅ ተጨማሪ ክፍያ ይጭኑ ነበር። ገዥዎቹ አጉረመረሙ፣ ከፈሉም። ምትክ የለማ!

ሁለተኛው ያ 44 ኪሎ ነው። ከ1 ቶን ኖራ ጀርባ ከድንጋዩ ብቻ 785 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የነዳጁ ሲጨመር ከ1 ቶን ሊያልፍ ይችላል። ፋብሪካው እቶኑን በፀሐይ ኤሌክትሪክ ቢያነደው እንኳ የድንጋዩ ጋዝ አይቀርም። ብዙ ኢንዱስትሪ ነዳጅ ቀይሮ ከብክለት መውጣት ይችላል። ኖራ አይችልም።

አውሮፓ ውስጥ ለሚለቁት ካርቦን ፋብሪካዎች ፈቃድ መግዛት አለባቸው። የ1 ቶን ፈቃድ ዋጋ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ከ100 ዩሮ አልፎ ነበር። እስካሁን ከፊሉ በነፃ ይሰጣቸዋል፣ ነፃው ድርሻ ግን እየቀነሰ ነው። ሙሉውን የሚከፍሉበት ቀን ከመጣ፣ በዚያ ዋጋ ቢሰላ፣ በእያንዳንዱ ቶን ኖራ ላይ ከድንጋዩ ብቻ 78 ዩሮ ይጨመራል። ለርካሽ ዕቃ ይሄ ጉድ ነው።

ጋዙን ይዞ ከመሬት በታች መቅበር እየተሞከረ ነው። ከነገሩ ሁሉ የሚገርመኝ ግን የተገላቢጦሹ ነው። ኖራ አየር ላይ ሲቀመጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመልሳል ብለናል። ይህን ጠባዩን ተጠቅሞ ከአየር ላይ ካርቦን የሚለቅም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሥራ ጀምሯል። ድንጋዩን ያቃጥሉታል፣ ጋዙን ያጠራቅሙታል፣ ኖራውን ለአየር ያሰጡታል፣ አየር ላይ ያለውን ካርቦን ከጠጣ በኋላ መልሰው ያቃጥሉታል። በመጠን ገና ትንሽ ነው፣ ወጪውም ከባድ ነው።

ድሬዳዋስ?

አሁን ወደ በርጫው ጥያቄ እንምጣ።

ድንጋዩ አለ፣ ግን ለሲሚንቶ የሚሆን ድንጋይ ሁሉ ኖራ ለማቃጠል አይሆንም። ሲሚንቶ ሲሠራ ከኖራ ድንጋዩ ጋር ሸክላ አፈር ይገባል፤ ድንጋዩ ትንሽ ጭቃ ቢኖርበት ችግር የለውም። ብረት ፋብሪካ የሚገዛው ኖራ ግን ሌላ ነው። ድንጋዩ ከመቶ 95 እጅ በላይ ካልስየም ካርቦኔት እንዲሆን ይፈለጋል። ሲሊካው (የአሸዋው ማዕድን) እና ድኙ በጣም ትንሽ መሆን አለበት። ቆሻሻ ልታወጣበት የገዛኸው ነገር ራሱ ቆሻሻ ይዞ ከመጣ ምን ዋጋ አለው? ድንጋዩ እሳት ሲነካው ተሰባብሮ ዱቄት የሚሆን ከሆነም ቀጥ ላለ እቶን አይመችም፤ ዱቄቱ አየሩን ይዘጋል፣ እሳቱ ይታፈናል። ይህ በየቋጥኙ ተቆፍሮ የሚታወቅ እንጂ ከመንገድ ዳር ታይቶ የሚነገር አይደለም።

ነዳጁ ሌላ ጣጣ ነው። እዚህ አካባቢ እንጨት አቃጥሎ ኖራ መሥራት የቀረውን ዛፍ መጨረስ ነው። የድንጋይ ከሰል ከሩቅ ይመጣል፤ ሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ራሳቸው ሲቸገሩበት የኖሩት ነገር ነው። በአፋርና በድሬ ቆላ እንደ ወረርሽኝ የተዛመተውን ፕሮሶፒስ የሚባል እሾሃም ዛፍ ለማገዶ እናውለው የሚል ሐሳብ ይነሳል። ሐሳቡ ሞኝ አይደለም። ቆርጦ፣ አድርቆ፣ ፈጭቶ እቶን አፍ ድረስ ማድረሱ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ጅቡቲስ? 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ባቡርም አለ። ችግሩ ከባሕሩ ማዶ የሚጠብቀን ተፎካካሪ ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስና ኦማን የኖራ ድንጋይ ተራራዎቻቸው ወደብ አጠገብ ናቸው። ከኤምሬትሷ ራስ አልኸይማ ድንጋይ በመርከብ ተጭኖ ህንድ ብረት ፋብሪካ ድረስ ይሄዳል። ህንዶቹ ድንጋዩን ወስደው እዚያው ትኩሱን ያቃጥሉታል። ማቃጠሉንም እዚያው ባሕረ ሰላጤው ላይ እንሥራው ቢባል ጋዝ አላቸው። እኛ በባቡር 300 ኪሎ ሜትር ወርደን፣ ወደብ ላይ አራግፈን፣ እርጥብ የባሕር አየር ላይ ኖራ አቁመን ከነሱ ጋር በዋጋ እንወዳደር ማለት ይከብዳል አቦ።

የአገር ውስጥ ብረት ፋብሪካዎቻችንም የሚታሰበውን ያህል ኖራ አይፈልጉም። ብዙዎቹ ቁርጥራጭ ብረት የሚያቀልጡት ኢንዳክሽን በሚባል የኤሌክትሪክ እቶን ነው። የዚህ እቶን የውስጥ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ከሲሊካ የሚሠራ ስለሆነ ኖራ ቢጨመርበት ሽፋኑን ይበላዋል። ስለዚህ ኖራ ብዙም አይጠጉም። የተሻለ ብረት ለመሥራት ሌላ ዓይነት እቶን ሲተከል ያኔ ነገሩ ይለወጣል።

ሐረር ላይ ትንሽ ግን የማይቋረጥ ገበያ አለ። የጁገል የድንጋይ ግድግዳ በኖራ ሲቀባ ይተነፍሳል፤ የገባው እርጥበት ይወጣል። በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ ውስጥ ታምቆ ይቀራል፣ ቀስ እያለ ግድግዳውን ያላላዋል። ለቅርስ ጥገና ጥሩ የጠፋ ኖራ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። በቶን ሲታይ ግን የአንድ ትልቅ እቶን የጥቂት ቀን ምርት ቢሆን ነው።

እንግዲህ ከድሬ የሚነሳ ኖራ ትርጉም ያለው ገዥ ካለው፣ የሚገኘው ወደ ምሥራቅ ባሕሩ ጋ ሳይሆን ወደ ምዕራብ በዚያው ሐዲድ ላይ ይመስለኛል። መተሐራ ስኳር ፋብሪካ አለ። ከፍ ሲል ሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎች አሉ። ከዚያ ወዲያ መንገድ በመጣ ቁጥር የሚያስቸግረው መረሬ አፈር አለ። ሆኖም ስኳር ፋብሪካ ኖራ የሚፈልገው ሸንኮራ በሚጨመቅባቸው ወራት ነው። እቶን ደግሞ አንዴ ከጋለ ሌት ተቀን መንደድ ይፈልጋል፤ ማብረድና መልሶ ማጋል የውስጡን ጡብ ያረግፈዋል። ባለሀብት መጥቶ ድሬ ላይ የኖራ እቶን ልትከል ካለ፣ ከድንጋዩ በፊት የሚጠየቀው ስኳሩ በሚቆምበት ክረምት ከአንተ ማን ይገዛል የሚለው ነው።